ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ጄኔሬተር

በዚህች የማኅበረሰባችን መጽሔት ላይ ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ ራሽን፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም። ለሰው ብትነግሩት "ኧረ ተወው፣ ይተውሃል" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለ ጆሮ ጩኸት ነው። ታሪኩ የራሴ ነው። ነገር ግን በየብሎኩ ወጣቱ ሁሉ ሁለት ፍሬ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሄድ ሳይ "ይህ ነገር የእኔ ብቻ ሆኖ አይቀርም" ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ካኩማ 1 የምንኖር ሰዎች የጄኔሬተርን ድምፅ ከልጆቻችን ድምፅ እኩል እናውቀዋለን። አንዱ ነጋዴ ሞተር ይገዛል፣ በየቆርቆሮው ላይ ሽቦ ይዘረጋል፣ ጎረቤት በወር እየከፈለ አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት ያገኛል። የእኔ ቤት እጣ ፈንታው ሆኖ የተሠራው ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው። በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳና አንድ የእሾህ አጥር ብቻ አለ። ሞተሩ ሲመሽ ይነሳል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይጠፋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ነቃሁ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ስልኬን ባይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። "ዛሬስ አበዛው!" ብዬ ተናድጄ ወጣሁና የባለቤቱን በር ደበደብኩ። ሰውዬው ዓይኑን እያሻሸ ወጣ።

"ምን ሆንክ? ሰው ሞተ?"

"ሞተሩን አጥፋልን እንጂ! ሰው አይተኛም እንዴ?"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር እጄን ይዞ ወሰደኝና መዳፌን ሞተሩ ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ቀዝቅዟል። ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። እኔ ግን መዳፌ በቀዝቃዛው ብረት ላይ እያለ እንኳ ድምፁን እሰማው ነበር። ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ጭው የሚል ድምፅ። ያኔ ነው ጩኸቱ ከአጥሩ ወዲያ ሳይሆን ከእኔ ውስጥ እንደሆነ የገባኝ። ይቅርታ ጠይቄው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

ነገሩ ከዚያ በፊት እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ።

ማዳመጫዋን የላከልኝ ናይሮቢ ኢስሊ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። በካልሲ ጠቅልሎ በአውቶብስ ላካት። ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት፤ ውስጧ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ፍሬዎች አሉ። ገመድ የላትም። ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም "ብሉቱዝ" ነው የሚላት። መጀመሪያ የፈለግኋት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ከአገር ቤት በድምፅ የምትልክልኝን መልእክት ለመስማት። የእኛ ቤቶች እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ስታወራ ምስጢር አታውቅም። የእኔ ትዳር አለመያዝ ለብሎኩ ሁሉ ከሚሰማ ለእኔ ብቻ ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

እየቆየሁ ግን ሌላም ሌላም አገልግሎት አገኘሁላት። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ዘፈን እከፍታለሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ዜና እከፍታለሁ። ሁሉም ጸጥ ሲል ደግሞ ሐሳብ ይመጣል። እዚህ ያለ ሰው የሌሊት ሐሳብ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ፋይሌ የት ደረሰ? እናቴ ብትሞት እደርስላት ይሆን? ዓመቱ ስንተኛው ነው? ሐሳቡ ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። እየሰማሁ እተኛለሁ፣ እየሰማሁ እነቃለሁ።

ስልኬ ላይ ድምፅ መጨመሪያው 15 ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት 7ኛው ይበቃኝ ነበር። ከዚያ 10፣ ከዚያ 12፣ በመጨረሻ ጄኔሬተሩ ሲነሳ 15ኛው ላይ አድርጌው "ይቺ ነገር ድምፅ ቀነሰች፣ ተበላሸች መሰለኝ" ማለት ጀመርኩ። የተበላሸው ሌላ ነበር። ስልኩ ራሱ "ድምፁን ይህን ያህል ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መስማት ጆሮን ሊጎዳ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እኔም አነበውና "እሺ" የምትለዋን ተጭኜ አልፋለሁ። ምን እንደተስማማሁ የገባኝ ኋላ ነው።

ምልክቱም አልጠፋም ነበር እኮ። ማዳመጫዋን ሳወልቅ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሰው ሲያናግረኝ ከጥጥ ጀርባ የሚያወራ ይመስለኛል፣ ጠዋት ግን ይተወኛል። እናቴ ልጅ ሳለሁ "ጆሮህ ከጮኸ ሰው እያነሳህ ነው" ትለኝ ስለነበር፣ እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። አገር ቤት የሚያነሳኝ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ። ታዲያ እየዋለ እያደረ የሚተወኝ ጊዜ እያጠረ መጣ። አንድ ቀን ጠዋትም አልተወኝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

እንደሚታወቀው የኛ ሰው ለበሽታ ምክር አያጣም። አንዷ ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት በጥጥ ጠቅልዬ ጆሮዬ ውስጥ እንድከት መከረችኝ። ሌላው የሞቀ ዘይት፣ ሦስተኛው የክብሪት እንጨት አለኝ። ቡና ቤት ስንቀመጥ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቃል ፈረዱ። "ብሉቱዙ ነው! ጨረሩ ነው አንጎልህን ያቃጠለው። ባለ ገመዱን ብትጠቀም ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።" እኔም አመንኩ። ባለ ገመድ ማዳመጫ ገዛሁና እዚያው 15ኛ ደረጃ ላይ አድርጌ ማዳመጤን ቀጠልኩ። መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ!

ያነቃኝ የሥራዬ ጉዳይ ነው። እኔ እንጀራዬ ጆሮዬ ነው። በኢንሴንቲቭ ተቀጥሬ ለሕሙማን አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ አቀርባለሁ፣ የታማሚውን ቃል ደግሞ መልሼ ለሐኪሙ አደርሳለሁ። አንድ ቀን አንዲት የደም ግፊት ያለባቸው እናት ቀረቡ። ውጪ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ጆሮዬ ውስጥም የራሴ ሞተር ይሠራል። ሐኪሟ ለእኚህ እናት መድኃኒት ሰጥታ መቼ እንደሚመለሱ ተናገረች። "ፊፍቲን" ብላለች፤ እኔ "ፊፍቲ" ሰማሁ። "እማማ፣ ከ50 ቀን በኋላ ይመለሱ" አልኳቸው። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

ማታ ሴት ልጃቸው፣ ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ ካርዱን ስታነብ 15 ይላል። መድኃኒቱንም ብትቆጥረው የ15 ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ እማማ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ዘርግተው "ልጄ፣ ጤና ነህ ወይ?" አሉኝ። በዚያች ቀን አንገቴን ደፋሁ። ልጅቷ ማንበብ ባትችል ኖሮ እኚህ እናት 35 ቀን ያለ መድኃኒት ይቀመጡ ነበር፤ እኔም ምንም አላውቅም ነበር። አባቶቻችን "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ሲሉ ስለ ሐሜት ነው። እኔ ግን በዚያን ቀን ቃል በቃል ሆነብኝ። ጆሮዬ ባዳ ሆኖብኝ ሳለ ከሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሳልውል ሳላድር ለመታየት ሄድኩ። ክሊኒካል ኦፊሰሩ መጀመሪያ በትንሽ መብራት ጆሮዬን አየና ከግራው ጆሮዬ ብዙ ኩክ አወጣ። ለካ ኩክ ራሱን ችሎ ነው የሚወጣው፤ እኛ ቀን ከሌሊት ፍሬ ስንሰካበት፣ በክብሪት ስንገፋው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። አንዳንድ ሰው ኩኩ ሲወጣለት ጩኸቱም አብሮ ይሄድለታል። የእኔ ግን አልሄደም። ስለዚህ የጆሮ ሐኪሞች ወደ ካምፑ በመጡ ጊዜ ቀርቤ የመስማት ምርመራ አደረግሁ። ትልቅ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ ያደርጋሉ፣ "ድምፅ ስትሰማ ቁልፏን ተጫን" ይሏችኋል። በወፍራሞቹ ድምፆች አልተቸገርኩም። ወደ ቀጫጭኖቹ ሲደርስ ግን የመሣሪያውን ድምፅ ከራሴ ጩኸት መለየት አቃተኝ። ላልነበረ ድምፅ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ለነበረው ዝም አልኩ።

ሐኪሙ ውጤቱን በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ 4,000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ሸለቆ ጎድጉዷል። "ይህ ሸለቆ ከከፍተኛ ድምፅ የሚመጣ ጉዳት የተለመደ ፊርማ ነው" አለኝ። ቀጫጭን ድምፅ ያላቸው እንደ "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ተ" ያሉ ፊደላት ቀድመው የሚደበዝዙትም ለዚህ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም፤ በተለይ ጫጫታ ባለበት ቦታ።

ያስረዳኝን በኔ አማርኛ ላካፍላችሁ። ድምፅ ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ታምቡሩ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፤ እነሱ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላበት ክፍል ውስጥ ማዕበል ያስነሳሉ። እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ነፋስ ሣርን እንደሚያወዛውዝ ማዕበሉ ያወዛውዛቸዋል፤ እነሱም መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካሉ። ድምፁ ሲበዛና ሲረዝም ሣሩ ይተኛል። ካረፈ ቀና ይላል፤ ጠዋት ጠዋት ጩኸቱ ይተወኝ የነበረው ለዚህ ነው። ሳያርፍ በላዩ ላይ ከተረገጠ ግን ይሞታል። የሰው ደግሞ ከሞተ አይበቅልም። የሚገርመው ነገር ዶሮ የሞቱባትን እነዚህን ሴሎች መልሳ ታበቅላለች፤ ይህ ከ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በሳይንስ የታወቀ ነው። እኛ ግን የተሰጠንን ይዘን ነው የምንኖረው።

ታዲያ ሴሉ ከሞተ ጩኸቱ ከየት መጣ? አንጎል ይጠብቀው የነበረው መልእክት ሲቀርበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። እኔ ስልኬን 15 ላይ እንዳደረግሁት ሁሉ እሱም የራሱን ድምፅ መጨመሪያ ከፍ ያደርጋል። ያኔ የሌለ ድምፅ ይሰማል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው እግሩ እንደሚያሳክከው ማለት ነው።

"ብሉቱዙስ? ጨረሩስ?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ብሉቱዝ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ጉልበቱ ጆሯችን ላይ ለጥፈን ከምናወራበት ስልክ በጣም ያንሳል። ሞገዱ የጆሮ ጩኸት እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የሰዓቱ ብዛት ነው። ገመድ ኖረ አልኖረ ጆሮ ለይቶ አያውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ገመድ አልባነቱ በሌላ በኩል ጎድቶኛል። ድሮ ገመዱ ይጠለፋል፣ ይነቀላል፣ ይበጠሳል፤ ሳናውቀው ያሳርፈን ነበር። ይቺ ግን የሚይዛት የለም። ውኃ ስትቀዳም፣ ስትበላም፣ ስትተኛም ጆሮህ ላይ ናት። ባትሪዋ ሲያልቅ ሳጥኗ ውስጥ ትገባና ጠግባ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ይህችን ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፏት አይከፋኝም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ብዙም አያሰጋውም። ወደ 90 ዴሲቤል ከወጣ ግን የሚፈቀድለት በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በ100 ዴሲቤል ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ! ለሕፃናት ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ 75 ዴሲቤል ነው። ስልክ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር እስከ መጨረሻ ሲከፈት 100 ዴሲቤልን ሊያልፍ ይችላል። እኔ በየሌሊቱ ስድስት ሰባት ሰዓት ነበር የምሰማው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ብቻዬን አለመሆኔንም ያወቅሁት ያኔ ነው። በ2022 (እንደ ፈረንጆቹ) የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን የሚበልጡ አዋቂዎች የጆሮ ጩኸት እንደሚሰማቸው ገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በአዳማመጣቸው ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ነው ይላል። ይህን ያህል ሕዝብ እያለ እኔ ብቻዬን በሌሊት የሰው በር እደበድብ ነበር።

"መድኃኒቱስ?" አልኩት ሐኪሙን። "ኪኒን የለውም" አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ። ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። ዝምታ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላላገኝ ነው ብዬ አዘንኩ። እዚህ ካምፕ ውስጥ በነፃ የምናገኘው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ያለው ዝምታ ነበር። እሱንም በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ያን ሰሞን ነው አንድ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ጎረቤቴ ለቡና የጠሩኝ። እኚህ ሰው በሰሜን ግንባር መድፈኛ የነበሩ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ፤ መጀመሪያ ዋልዳ በሚባለው ካምፕ፣ ያ ሲዘጋ ደግሞ እዚህ ካኩማ። ችግሬን ስነግራቸው ስኒውን አስቀምጠው ሳቁ።

"አንተ የሁለት ዓመት ልጅ ነህ። የኔ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው" አሉኝ።

ክው አልኩ። ስንት ዓመት አብረን ቡና ስንጠጣ አንድ ቀን ተንፍሰው አያውቁም።

"መድፉ ሲተኮስ አፋችንን ከፍተን፣ ጣታችንን ጆሯችን ውስጥ ከተን ነው። ሌላ መከላከያ ማን ሰጥቶን! አንድ ቀን ቀኑን ሙሉ ስንተኩስ ዋልን፤ ማታ ተኩሱ ቆመ። ለኔ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔ ጋ ብሉቱዝ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ልጄ።"

"ታዲያ እንዴት ቻሉት?"

"መጀመሪያ ተዋጋሁት። 'ጸጥ በል' ስለው ይብስበታል። ሌሊት ሌሊት እያደመጥኩ 'ዛሬ ጨመረ? ቀነሰ?' እያልኩ ስለካው እያድር ነበር። ኋላ ተውኩት። ጎረቤት ነው አልኩ። ጎረቤትህን አትመርጥም። ግን ቀኑን ሙሉ ደጁ ላይ ቆመህ ምን ይሠራል እያልክ አታዳምጥም።" ከዚያ ትራሳቸው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሬዲዮ አሳዩኝ። ሲተኙ በጣም ዝቅ አድርገው ይከፍቷታል፤ ከጩኸታቸው በታች ሆና፣ ቃሉ እስከማይለይ ድረስ። "ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሻማ ቢኖር ዓይንህ ሌላ አያይም። ሌላ ትንሽ መብራት ካለ ግን ሻማው ያን ያህል አይወጋህም። ይኸው ነው ዘዴው።"

ኋላ ለሐኪሙ ይህን ብነግረው "እኛ የምናስተምረውን ነው የነገሩህ" አለኝ። አንጎል አደጋ እንደሌለው የተረዳውን ድምፅ ቀስ በቀስ ችላ ማለት ይማራል። የግድግዳ ሰዓትን ድምፅ እንደምንረሳው ማለት ነው። ፍርሃት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ግን ያጎሉታል። ስለዚህ ምክር ከሚሰጡ ባለሙያዎች ጋር መነጋገርም አንዱ ሕክምና ነው።

እንግዲህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ማዳመጫዋን አልጣልኳትም። የእናቴን ድምፅ እሰማባታለሁ፤ ግን ከ15ቱ ደረጃ ከ8 አላልፍም፤ ከ60 በመቶ በታች መሆኑ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አወልቃታለሁ። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ከእሱ ጋር አልፎካከርም፤ ወይ እጠብቃለሁ፣ ወይ ጋሼ ቤት እሄዳለሁ። ጫጫታን በጫጫታ አጠፋለሁ ማለት እሳትን በላምባ ማጥፋት ነው። ማዳመጫ ከሌላ ሰው ጋር አልዋዋስም፤ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሕመም ይተላለፋልና። ክብሪት፣ ሽንኩርት፣ የሞቀ ዘይት ወደ ጆሮዬ አይገባም።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። ልጃችሁ ማዳመጫ ሰክቶ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ሆናችሁ ዘፈኑ ለእናንተ ከተሰማችሁ፣ ወይም እናንተ ስትናገሩ እሱ ካልሰማችሁ፣ ድምፁ በዝቷል። አትምቱት፣ አታስፈራሩት። ይህችን ጽሑፍ አንብቡለት።

መድኃኒትም ጆሮን ሊያስጮህ ይችላል። ብዙ አስፕሪን፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መድኃኒት ስትወስዱ ጩኸት ከጀመራችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩት። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከሆነ፣ ማዞር ወይም መግል ካለው፣ ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። በተለይ አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ "ነገ ይሻለኛል" አትበሉ፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ጩኸቱ እንቅልፍ ነስቶ ኑሮን የሚያስጠላ ሐሳብ ካመጣባችሁም ለሰው ንገሩ። ጋሼ አርባ ዓመት ዝም ያሉት ጀግና ስለሆኑ አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሥራዬን በተመለከተ፣ ለአለቃዬ እውነቱን ተናገርኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አላባረሩኝም። አሁን ሳስተረጉም ከተናጋሪው ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ አፉን አያለሁ፣ ቁጥር ሲነሳ በወረቀት ጽፌ ለሐኪሙ መልሼ አሳያለሁ። "ፊፍቲን? አንድ፣ አምስት?" ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አሁን ሌሎቹም አስተርጓሚዎች እንደዚሁ ማድረግ ጀምረዋል። እማማም ለመድኃኒታቸው ሲመጡ "የኔን ልጅ ጥሩልኝ" እያሉ እኔን ያስጠራሉ። ካርዱን ግን ሁልጊዜ ለልጃቸው ያስነብባሉ። እሰየው ነው የምለው።

ለእናቴም ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "እኔ ነኝ ልጄ፤ ቀን ከሌት የማነሳህ እኔ ነኝ፤ ጆሮህን ያስጮህኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። ሳይንሱን ላስረዳት ፈልጌ ተውኩት። ትናንት ማታም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሞተሩ ጠፋ። የኔው ቀጠለ። ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ፣ "አንተ ጎረቤት፣ ደህና እደር" አልኩትና ተኛሁ።

ቸር ያሰማን።